ጳጉሜን የማያውቀው ኮምፒዩተር

ወንድይፍራው ወርቅ ያወጣል ተብሎ ተወርቶበት ያውቃል። ወሬውን የጀመረችው አከራዩ አልማዜ ራሷ ናት፤ ቀራንዮ መድኃኔዓለምን ዞሮ ከሰው አፍ ሲመለስላት ደግሞ እውነት መስሏት አመነችው። አልማዜ ላይ መፍረድ አይቻልም። ሰውዬው የግቢዋን የመጨረሻ ሰርቪስ ቤት ከተከራየና ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ በአካባቢው የሚያልፍ ቁራሌው ሁሉ የሞተ ኮምፒዩተር ተሸክሞ ወደ እሱ ይመጣል። እሱም ይፈታታል፣ ሆዱን ይጠርጋል፣ ግማሹን ያስቀራል፣ ግማሹን ይመልሳል። አልማዜ ደግሞ ኮምፒዩተር ውስጥ ወርቅ አለ ሲባል ስልኳ ላይ አይታለች። ሦስት ወር ሙሉ በመስኮት ስታጮልቅ ከርማ ያየችው ግን አንድ የስልሳ አንድ ዓመት ሰው በቀለም ብሩሽ አቧራ ሲያራግፍ ብቻ ነው።

ሥራው በአጭሩ ከሦስት ሬሳ አንድ በሽተኛ ማስነሣት ነው። ከአንዱ ሚሞሪውን፣ ከሌላው ኃይል ማከፋፈያውን፣ ከሦስተኛው ዲስኩን ይወስድና አንድ ላይ ይገጥማቸዋል። ከዚያ ዊንዶውስ ተሸክሞ መራመድ ያቃተውን ማሽን ሊኑክስ የሚባል ሌላ ማስኬጃ ይጭንበታል። ሊኑክስ ቀላል ነው፣ ነፃ ነው፣ ያረጀ አይንቅም። አርማው ፔንግዊን ነው። ፔንግዊን ደግሞ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ታይቶ ስለማያውቅ ሰፈሩ ዳክዬ ብሎታል። «ጋሼ፣ ይቺን ዳክዬ ይጫኑባት» እየተባለ ነው ኮምፒዩተር የሚመጣለት። መጀመሪያ ያርማቸው ነበር፤ አሁን እሱም ራሱ ዳክዬ ነው የሚለው።

አንድ ወግ ግን ነበረው። ዲስክ ላይ የቀረ የሰው ነገር አያይም። ፎቶ ይሁን ደብዳቤ፣ ሳይከፍት ጠርጎ ዳክዬዋን ይጭናል። «የሰው ሆድ ዕቃ ነው፤ አይገለጥም» ይላል። ይህ ጉዳይ አልማዜን እንቅልፍ ነስቷት ነበር። እጁ የገባ ወሬ ሳይቀምስ የሚደፋ ሰው አይታ አታውቅም።

ያላወቀችው ነገር ሰውዬው የሚፈልገው አንድ ማሽን ብቻ መሆኑን ነው። ሌላው ሁሉ እሱን ሲፈልግ የሚያገኘው ነው።

*

ወንድይፍራው ሙሉ ዕድሜውን የሠራው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥገና ክፍል ነው። በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ተናኘ የምትባል ታይፒስት ከሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውራ መጣች። ባሏ የሞተባት፣ ረጋ ያለች፣ ምላሷ ግን የማያርፍ ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን ኮምፒዩተር ሲገጥምላት ከኋላው ቆማ ታየው ነበር።

«ይሄ ስንት ሰዓት ነው የሚለው?» አለችው።

«ስምንት ከሃያ።»

«አሁን ሁለት ከሃያ ነው እኮ።»

«የፈረንጅ ሰዓት ነው።»

«እኔ ፈረንጅ ነኝ?»

ወንድይፍራው እንደ ባለሙያ «አይሆንም» ማለት ነበረበት። እሱ ግን ሰዓቱን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለሰው። ቀኑንም ወሩንም ዓመተ ምሕረቱንም በእኛው አቆጣጠር አደረገላት። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ካሉት ኮምፒዩተሮች በሀገሩ ሰዓት የሚሄደው የተናኘ ብቻ ሆነ።

ችግሩ ኮምፒዩተር ጳጉሜን አያውቅም። ወሮቹንም ሁሉ እኩል ሠላሳ አያደርግም፤ መስከረምን እንደ ፈረንጅ የመጀመሪያ ወር ሠላሳ አንድ ያደርገዋል፣ ጥቅምትን በሃያ ስምንት ይቀጨዋል። ስለዚህ ወር በገባ ቁጥር ወልደጊዮርጊስ የሚባለው ተላላኪ ጥገና ክፍል በር ላይ ይቆምና «ተናኘ ቀኑ ተሳስቷል ትላለች» ይላል። ወንድይፍራውም መፍቻውን ይዞ ይነሣል። ቀን ለማስተካከል መፍቻ እንደማያስፈልግ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም ያውቃል፤ ያልፋል እንጂ አይናገረውም። ከኋላው ግን ይስቃል።

ዓመት ሲያልቅ ነው ደግሞ ጉዱ። ጳጉሜን የሚባል ስለሌለው፣ በተናኘ ማሽን ላይ አዲስ ዓመት አራት ቀን ቀድሞ ይገባል። ጳጉሜን ሁለት ጠዋት ሲገባ «እንኳን አደረሰህ» ትለዋለች፣ ሳትስቅ።

«ለምኑ?»

«ማሽኑን ጠይቀው። ሌላው ሰው ገና አሮጌው ላይ ነው፤ እኛ ተሻግረናል።»

በሦስተኛው ዓመት ጳጉሜን ሁለት ላይ አደይ አበባ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣና ምንም ሳይናገር ማተሚያው አጠገብ አኖረው። እሷም ምንም ሳትናገር ብርጭቆ ውስጥ አደረገችው። በሰባት ዓመት ውስጥ በመካከላቸው የተደረገ ትልቁ ነገር ይኸው ነው። እሱ ዛሬ ነገ ሲል፣ እሷ ሰው ምን ይለኛል ስትል፣ ወሩ እየገባ ቀኑ እየተሳሳተ ሄደ።

የካቲት ሁለት ሺህ ሦስት ላይ ወንድይፍራው ለአንድ ሳምንት ሥራ ወሊሶ ቅርንጫፍ ተላከ። በሄደ በማግስቱ ስልክ ተደወለለት። ወልደጊዮርጊስ ነው።

«ወንዴ፣ ተናኘ ቀኑ ተሳስቷል ትልሃለች።»

ክፍሉ ውስጥ የቅርንጫፉ ሠራተኞች ነበሩና አፈረ። ድምፁን ባለሙያ አስመሰለ። «ስመለስ አስተካክለዋለሁ በላት። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው።»

«ሌላ የምልላት የለም?»

«ሌላ ምን አለ?»

ሳምንቱ ወር ሆነ። መጋቢት አምስት ሲመለስ ወንበሯ ባዶ ነው። እናቷ ታመውባት ወደ ሶዶ ተዛውራለች፤ ኮምፒዩተሩም ግምጃ ቤት ገብቶ ተቆልፎበታል። ደብዳቤ የለ፣ መልእክት የለ። ወልደጊዮርጊስ አንድ ነገር ሊለው አፉን ከፈት ሲያደርግ ወንድይፍራው «ሥራ አለብኝ» ብሎ ትቶት ሄደ። መቼ እንደሄደች እንኳ አልጠየቀም። ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ በሁለት መስመር ያልቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ ኖረ። «ቀኑ እስኪስተካከልላት እንኳ መጠበቅ አቃታት።» ምሳ ሲበላ ይለዋል። ፊቱን ሲላጭ ይለዋል። ሌላ ሴት ሲያስተዋውቁት በሆዱ ይለዋል፣ ሴትዮዋም ትሄዳለች። ሆኖም ከቅሬታው ሥር አንዲት ተስፋ ተሸጉጣ ነበር፦ ምናልባት የስንብት ቃል ማሽኑ ላይ ትታለት ይሆን? አንድ መስመር። ስሙ ያለበት። አንዴ ማሽኑን ከግምጃ ቤት ለማስወጣት ቅጽ ወስዶ ነበር። «የሚጠየቅበት ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ብዕሩን አንሥቶ ቁጭ አለ፤ የሚጽፈው አጣና ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ማሽኑ ግምጃ ቤት ውስጥ አሥራ ሦስት ዓመት ተቀመጠ። የዕቃ ማስወገጃ ኮሚቴው ለመሰብሰብ ያን ያህል ጊዜ ፈጀበት። በመጨረሻ አሮጌው ዕቃ በጅምላ የተሸጠው ወንድይፍራው ጡረታ በወጣ በወሩ ነው። ሰምቶ እየሮጠ ደረሰ፤ ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበር። ገዢው ዕቃውን ለማን ለማን እንዳከፋፈለው እንኳ አያውቅም። ቁራሌው ሁሉ ወደ ወንድይፍራው በር መመላለስ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

*

ባለፈው ኅዳር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ባምላኩ ጋሪውን እየገፋ ግቢ ገባ። ባምላኩ ከቁራሌዎች ሁሉ ወሬ የሚያበዛው ነው፤ ከአልማዜም ጋር የሚስማማው በዚሁ ነው።

«ጋሼ! ዛሬ ሦስት ሬሳ ይዣለሁ። አንዷ የጨዋ ልጅ ናት!»

«በምን አወቅህ?» አለ ወንድይፍራው ከውስጥ።

«ጥፍር ቀለም ተቀብታለች።»

ወንድይፍራው በነጠላ ጫማ ወጣ። አንደኛው ጫማ በር ላይ ቀረ። ሣጥኑ ዝጓል፣ ጎኑ ተጨራምቷል፤ ማብሪያው ላይ ግን የቀይ ጥፍር ቀለም ቅሪት አለ። ተናኘ በስሕተት ሌላኛውን ቁልፍ እየተጫነች ደብዳቤ ሲጠፋባት ጊዜ፣ ትክክለኛውን ለመለየት የቀባችው ነው። ያን ቀን አጠገቧ ነበር፤ ጠርሙሱን የያዘላት እሱ ነው።

ጋሪው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?»

«የለብኝም።»

«ታዲያ ምነው ላብ በላብ ሆኑ?»

ወንድይፍራው ሣጥኑን ታቅፎ ገባ፤ እንደ ልማዱ ክዳኑን ከፍቶ እንኳ አልመረመረም። ባምላኩ ይህን ለአልማዜ ለመንገር ሰባት እርምጃ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። «በሉ እንግዲህ» አላት፣ «ወርቁ እዚያ ውስጥ ነው!»

አልማዜ አምስት ደቂቃ አልቆየችም። ያልተዋሰችውን ሳሕን ልትመልስ መጣች።

«እኔ የለሁም ብለው ይሥሩ፣ ጋሽ ወንድዬ» ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ኃይል ማከፋፈያው አብጦ ፈንድቷል፤ ከሌላ ሬሳ አምጥቶ ቀየረው። ሚሞሪውን በላጲስ አሸው። ዲስኩ ግን እንደ አሮጌ ጉልበት ይንቋቋል። ብዙ ቢያስነሡት እንደማይቆይ ያውቃል። በዚያ ላይ የተናኘን የይለፍ ቃል አያውቅም። ስለዚህ ዲስኩን ራሱን አላስነሣውም። ዳክዬዋን ከፍላሽ ላይ አስነሥቶ በዚያች በኩል ወደ ዲስኩ ገባ፤ በጎረቤት በር እንደ መግባት ነው። የተናኘ ማኅደር ስክሪኑ ላይ መጣ።

እጁ ማውዙ ላይ ቆመ።

«ይክፈቱት እንጂ!» አለች አልማዜ።

«የሰው ነው።»

«የማን ሰው?»

ሰባት ዓመት በግቢዋ ሲኖር ያልተናገረውን ተናገረ። «የተናኘ።» ከዚያ አላቆመም። ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ጳጉሜን፣ ስለ ወሊሶ፣ ሳትሰናበተው ስለ መሄዷ፣ ሁሉንም ስክሪኑን እያየ ነገራት። አልማዜ አንድም ጊዜ አላቋረጠችውም። በግቢው ታሪክ ይህ የመጀመሪያ ነው።

ከፈተው። ተስፋው ግን መጀመሪያ ላይ ነው የተሰበረው። ደብዳቤዎቹ የተጻፉት በዱሮው የአማርኛ መጻፊያ ስለሆነ ዳክዬዋ ፊደሉን አታውቀውም። ገጹ ሁሉ የቁንጫ ሠልፍ የመሰለ ምልክት ብቻ ሆነ። ስሙ ቢኖርበትም አያነበውም። የተረፈው አኃዝ ብቻ ነው፤ ከላይ በቀኝ በኩል ተናኘ ራሷ የምትተይበው ቀን። 08/06/2003። ሌላ ከፈተ። 09/06/2003። ሌላ። 10/06/2003። የካቲት ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር። እሱ ወሊሶ እያለ የተጻፉ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች ናቸው።

«የለም» አለ። «ለእኔ የተጻፈ የለም።»

ሊዘጋው ሲል ዓይኑ ዝርዝሩ ላይ ወደቀ። በእያንዳንዱ ደብዳቤ ስም ጎን፣ የተጻፈበትን ቀን ማሽኑ ራሱ መዝግቧል። ሌላ ሰው ቢያየው ስድስተኛውን ወር በፈረንጅ ቆጥሮ ጁን ስምንት ነው የሚለው፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ እንደነበረ አድርጎ። ወንድይፍራው ግን የተናኘን ማሽን ማንበብ ያውቃል። የካቲት ስምንት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአርባ። ከሥሩ ያለውም የካቲት ስምንት። ከዚያም በታች ያለው የካቲት ስምንት።

«የሰዓቱ ባትሪ ሞቶ ነው» አለ መጀመሪያ። ወዲያው ራሱን ነቀነቀ። ባትሪ ሲሞት ማሽኑ ወደ ተሠራበት ዓመት ነው የሚመለሰው፤ ሰዓቱም ይዛባል። ይኼ ሰዓቱ ልክ ነው፤ ቀኑ ብቻ ነው ያልተነቃነቀው። ማሽን ደግሞ በራሱ ቀን ላይ አይቆምም። በየጠዋቱ አንድ ሰው ወደ ኋላ ሲመልሰው ነበር ማለት ነው።

ቆጠረ። ደብዳቤዎቹ ውስጥ ከየካቲት ስምንት እስከ ሃያ አምስት፣ አሥራ ሦስት የሥራ ቀን አለ። ማሽኑ ላይ አንድ ቀን ብቻ ነው ያለው።

«እኔ አልገባኝም» አለች አልማዜ። «እርስዎ አይደሉም እንዴ የሚያስተካክሉት?»

«እኔ ብቻ ነኝ የምችለው ብዬ ነበር።»

«ሰባት ዓመት ከኋላዎ ቆማ እያየች?»

ሌላ ነገር ትዝ አለው፤ የካቲት አንድ ቀን ራሱ ሄዶ አስተካክሎላት ነበር። የካቲት ደግሞ ማሽኑም ሠላሳ ከሚያደርጋቸው ጥቂት ወሮች አንዱ ነው። መጋቢት እስኪያልቅ ስሕተት የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም።

«የካቲት ስምንት ቀን ማሽኑ አልተሳሳተም ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

አልማዜ ከሱ ቀድማ ገባት። ጭኗን በእጇ መታች። «አይ እርስዎ! ሴትዮዋ ኑልኝ ነው ያለችው! እርስዎ ደግሞ ማንም እንዳይነካው ብለው ላኩባት። ሲመጡ ሥራ እንዳያጡ የጠራችዎት ቀን ላይ አቁማ ጠበቀችዎት እኮ!»

«ቀኑ እስኪስተካከልላት እንኳ…» ብሎ ጀመረ፤ ልማድ ሆኖበት ነው። አልጨረሰውም።

ዝርዝሩ ግርጌ ላይ አንድ የመጨረሻ ደብዳቤ አለ። ከፈተው። ከላይ 28/06/2003 ይላል። ማሽኑ የመዘገበውም የካቲት ሃያ ስምንት ነው። ልክ ነው። ሁለቴ አየው፤ ሁለቴም ልክ ነው። ያን ቀን ጠዋት ገብታ፣ ቀኑን በእጇ አስተካክላ፣ የመጨረሻ ደብዳቤዋን ጽፋ፣ አጥፍታ ሄዳለች። እሱ ሲመለስ የሚያስተካክለው ምንም አልተወችለትም።

ዲስኩ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ተንቋቋና ዝም አለ። ስክሪኑ ላይ ዝርዝሩ ደርቆ ቀረ። ወንድይፍራው ሊያስነሣው አልሞከረም።

*

«አሁን የት ናት?» አለች አልማዜ።

«እኔ ምን አውቄ።»

«አልጠየቁም?»

«አልጠየቅኩም።»

«የከተማውን አሮጌ ኮምፒዩተር ሁሉ ሆድ ዕቃ ከሚያገላብጡ አንድ ሰው ቢጠይቁ ምን ነበረበት፣ ጋሽ ወንድዬ? አንድ ሰው!»

ወንድይፍራው መፍቻዎቹን በየመጠናቸው ደረደረ። ቀና ሳይል «ጠይቂልኝ» አላት።

ለአልማዜ ይህ ሹመት ነው። ወልደጊዮርጊስ ዘነበወርቅ ሆስፒታሉ አካባቢ ከልጁ ጋር እንደሚኖር ከወንድይፍራው ሰማች፤ በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ሳትቀምስ ሄደች። ሦስት ቀን ተመላልሳ የመጣችው ወሬ ጠግባ ነው። እናትዮዋ፣ ተናኘ ሶዶ በገባች በአራተኛው ዓመት፣ ዐርፈዋል። ተናኘ ተመልሳ አዲስ አበባ ገብታለች። የምትኖረው ሳንሱሲ ነው፣ በእህቷ ግቢ። ጉልበቷን ያማታል። ጡረታ ልትወጣ አንድ ዓመት ከምናምን ቀርቷታል። ሠፈር ውስጥ የሰው ማመልከቻ በነፃ ትጽፋለች።

«ሳንሱሲ» አለ ወንድይፍራው። ባለፈው ዓመት የተበላሸ ሞኒተር ሊያመጣ እዚያ ስንት ጊዜ ሄዷል።

«ስልኳንም ይዣለሁ። ይኸው። ይደውሉ።»

ወረቀቱን ተቀብሎ አየው፤ መልሶ ሰጣት። «የተጠራሁት እንድመጣ ነው፤ እንድደውል አይደለም።»

አልማዜ እንዲህ ያለ አነጋገር ከሱ አልጠበቀችም፤ ዓይኗ ቀላ። እሱ ደግሞ ወደ ቤቱ ሊገባ በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ።

«ባልስ? አግብታለች?»

«እሱን…» አለች አልማዜ፣ በነጠላዋ ጫፍ ስትጫወት። «ሁሉን ጠየቅኩ። እሱን ብቻ ፈራሁ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተላጭቶ፣ ጡረታ ሲወጣ የተሰጠውን ኮት ለብሶ፣ ኮፍያ አድርጎ ወጣ። የሞተውን ዲስክ ይዞ ሊሄድ አስቦ ነበር፤ ማስረጃ ይዞ የመጣ ተከራካሪ መምሰሉን ጠልቶ ተወው። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ሁለት ታክሲ እያየ አሳለፈ። ሦስተኛው ላይ ረዳቱ «ፋዘር፣ ይገባሉ አይገቡም?» ሲለው ገባ። ከአስኮ ጀምሮ የሚለውን እየሰካካ ሄደ። ወሊሶ ቢሮው ውስጥ ሰው ነበር ሊል አሰበ። ጅል ነበርኩ ሊል አሰበ። ደህና ነሽ ወይ ብቻ ሊልም አሰበ።

አልማዜ እንደነገረችው፣ የግቢው በር አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው። አንኳኳ። ከውስጥ ራዲዮ ይሰማል።

«ማነው?»

ድምፁ የሷ ነው። ትንሽ ወፈር ብሏል እንጂ የሷ ነው። በመንገድ የሰካካው ነገር ሁሉ ተበተነበት።

«ከጥገና ነኝ» አለ።

«ጥገና አልጠራንም።»

«ጠርታችሁ ነበር» አለ ወንድይፍራው። «ዘገየሁ።»

ራዲዮው ጠፋ። አንድ ነገር፣ ሳሕን ይሁን ብርጭቆ፣ በቀስታ ሲቀመጥ ተሰማ። ከዚያ እግር፤ አንዱን እግር ያዝ እያደረገ የሚራመድ እግር፤ ወደ በሩ መጣና ቆመ። መቀርቀሪያው ተነካ፤ ወዲያው ግን አልተከፈተም። ወንድይፍራው ኮፍያውን አወለቀ። መልሶ አደረገው። እንደገና አወለቀው።